ውሻና ድመት የሚያስታምም ረዳት እንዴት ይሠለጥናል? ለሰሜን ሸዋ የእንስሳት ክሊኒኮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ዶክተሩ ቀን ላይ ቡችላውን ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ጉሉኮስ ያሰካል፣ ይሄዳል። ጠዋት ሲመለስ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ስስ የፕላስቲክ ቱቦ) ወጥቷል፣ ፈሳሹ ወለሉ ላይ ፈስሷል፣ ቡችላው ቀዝቅዟል። የታዘዘው ሕክምና ስሕተት አልነበረበትም። የጎደለው ሌሊቱን የሚያስታምም የሠለጠነ ሰው ነው።

በዞኑ ያሉ የእንስሳት ጤና ረዳቶች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ሲሠሩ የኖሩት በበግ፣ በከብትና በጋማ ከብት ላይ ነው። እነዚህ ታክመው ወደ ቤታቸው ይነዳሉ እንጂ ክሊኒክ ውስጥ ተኝተው አያድሩም። ተኝቶ የሚታከም ውሻ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል፤ በየሰዓቱ ማየት፣ መለካት፣ መጻፍና በጊዜ መጥራት። ይህ መመሪያ ረዳቶችን ክሊኒክ ውስጥ ለሚያሠለጥኑ ሐኪሞችና ነባር ባለሙያዎች ነው። ደረጃዎቹን አታዘዋውሩ። ሠልጣኙ አንዱን በእጁ ሠርቶ ሳያሳያችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ለአንድ አሠልጣኝ ከ3 ሠልጣኝ በላይ አትያዙ። አራተኛው ሰው ቆሞ ተመልካች ይሆናል፤ ቆሞ በማየት ደግሞ የደም ሥር ማግኘት አይለመድም።
2. ሠልጣኞች ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት እንዲወስዱ አድርጉ። ያልተከተበ ሰው ውሻ አይያዝ፤ በአምሳያ ላይና በቅጽ ሥራ ይቆይ።
3. የሥራ ድርሻውን በጽሑፍ ለዩ። በሽታውን መለየትና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪሙ ነው። መፈጸም፣ መለካት፣ መመዝገብና መጥራት የረዳቱ ነው። ረዳቱ መጠን እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር አይፈቀድለትም፤ የታዘዘው መጠን ካልመሰለው ግን ከመስጠቱ በፊት የመጠየቅ ግዴታ አለበት።
4. ዕቃውን አሟሉ። ካኑላ ቁጥር 24 (ቢጫ)፣ 22 (ሰማያዊ) እና 20 (ሮዝ)፤ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፤ ሪንገር ላክቴትና ኖርማል ሳላይን፤ 40 በመቶ ግሉኮስ፤ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥና 60 ጠብታ የሚሰጥ የጉሉኮስ ቱቦ፤ ፕላስተርና ፋሻ፤ የፀጉር መላጫ፤ ክሎርሄክሲዲን ወይም አዮዲን፤ 70 በመቶ አልኮል፤ በረኪና፤ ሁለት ቴርሞሜትር (አንዱ ለተላላፊ በሽታ ክፍል ብቻ)፤ ማዳመጫ፤ እስከ ግራም የሚለካ ሚዛን፤ ሴኮንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት፤ ለመርፌ መጣያ ሴፍቲ ቦክስ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የእጅ ባትሪ። አብዛኛው ከሰው መድኃኒት ቤት ይገኛል።
5. የመለማመጃ አምሳያ ሥሩ። አሮጌ የጉሉኮስ ቱቦ በቀይ ቀለም ውሃ ሙሉ፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥሩ፣ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስተኙ፣ ከላይ ከጓንት የተቆረጠ ስስ ጎማ ወጥራችሁ እሰሩ። የሠልጣኙ የመጀመሪያ የመርፌ ሙከራዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይሁኑ፤ የታመመ ቡችላ መለማመጃ አይደለም።

ስለ መቀቀያ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በድስት የተቀቀለ መሣሪያ ንጹሕ ቢመስልም ከጀርም ነጻ ሆኗል ማለት አይደለም። በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ መቀቀያ ተጠቀሙ፤ ግፊቱ ከሞላ በኋላም በመመሪያው ከተጻፈው በላይ ደቂቃ ጨምሩ። መርፌና ካኑላ በጭራሽ አይቀቀሉም፤ አንድ ጊዜ አገልግለው ይጣላሉ።

ደረጃ 1፦ የመድኃኒት መደርደሪያውን ለዩ

ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ምክንያቱም ለበግ የተለመደ እጅ ቡችላ ይገድላል። የውሻና የድመት መድኃኒት ለብቻው መደርደሪያ ይኑረው። ከዚያ ሠልጣኙን እያንዳንዱን ጠርሙስ አስይዛችሁ የሚከተለውን አስረዱት።

- ነጭ፣ ወተት የሚመስል ፔኒሲሊን (ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ወይም ፔን ስትሬፕ) በደም ሥር አይሰጥም። በካኑላ ከገባ ውሻው እዚያው ሊሞት ይችላል። ሠልጣኙ በራሱ እጅ በጠርሙሱ ላይ «ጡንቻ ብቻ» ብሎ ይጻፍ።
- 1 በመቶ አይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተባይ መድኃኒት) በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለበግ በተለመደው ስሌት 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ «ትንሽ ብቻ» ብሎ 1 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው አሥር እጥፍ ሰጥቷል። ለትንንሽ እንስሳት ሁልጊዜ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይጠቀም።
- ዛይላዚን (ማደንዘዣ) በ2 በመቶም በ10 በመቶም ይመጣል፤ ስሙ አንድ ነው፣ ጉልበቱ አምስት እጥፍ ይለያያል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ ሳያነብ አይቅዳ።
- ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ድመት ላይ አይረጭም፣ አይቀባም። ለበግ መንከሪያ የሚውለው ዲያዚኖን ቡችላም ድመትም አጠገብ አይድረስ።
- ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለውሻ አይሰጡም፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ሰጥቶ ይሆናልና ሲቀበሉት ይጠይቁ። ሰዎች ስለሚያፍሩ የሚወቅስ ሳይሆን የሚያግባባ ጥያቄ አስተምሯቸው፦ «እማማ፣ እንዲሻለው ብለው ከቤት የሰጡት ነገር አለ?»

የሚያልፈው መቼ ነው? ክብደትና የጠርሙስ ጽሑፍ ብቻ ሰጥታችሁት አምስት የመጠን ስሌት ያለ ስሕተት ሲሠራ። አራት ከአምስት አያሳልፍም።

ደረጃ 2፦ አያያዝ

በግ በጉልበት ይያዛል፤ ውሻ ግን በጉልበት ሲያዝ ይበልጥ ይታገላል፣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይጨነቃል። ደካማ ታማሚ እዚያው ሊያልፍ ይችላል። ሠልጣኙ በዝግታ መቅረብን፣ በጎን መቆምን፣ ዓይን ላይ አለማፍጠጥን በጤናማና በተከተበ ውሻ ላይ ይለማመድ። ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የአፍ ማሰሪያ በፋሻ፦

1. ከ1 ሜትር የማያንስ ፋሻ ቆርጣችሁ መሀሉ ላይ ልቅ ቀለበት ሥሩ።
2. ከጎን ሆናችሁ ቀለበቱን አፍንጫው ላይ አጥልቁ፤ ቋጠሮው ከላይ ይሁን፤ ሳቡት።
3. ሁለቱን ጫፍ ከመንጋጋው ሥር አቆላልፉ።
4. ወደ ኋላ ወስዳችሁ ከጆሮው ጀርባ በአንድ ስቦ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ።

የሚያስታውክ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ውሻ አፉ አይታሰርም። ድመት በወፍራም ፎጣ ትጠቀለላለች፤ አንገቷ ላይ ፎጣው እንዳይላላ።

ማስጠንቀቂያ፦ እብድ ውሻ በሽታ። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ይዞ ሲመጣ ማንም እጁን አፉ ውስጥ አይክተት። ድምፁ የተለወጠ፣ ያለምክንያት የሚናከስ፣ የሚንገዳገድ ውሻም እንዲሁ። በሩን ዝጉ፣ ውሻውን ለብቻው አድርጉ፣ ሐኪሙን ጥሩ፣ የነኩትን ሰዎች ስም ጻፉ። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉ ላይ ምራቅ የነካው ሰው ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቀድሞ የተከተበም ቢሆን ይሂድ። በዚህ ላይ «እስኪ እንየው» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ መለካትና መጻፍ

ብዙ አሠልጣኞች በካኑላ ይጀምራሉ፤ ሠልጣኙም የሚጓጓለት እሱን ነው። እኔ አልስማማም። ካኑላ ያስገባ ግን ድድ ማየት የማያውቅ ሰው ቡችላው በፈሳሽ ብዛት ሲታፈን ቆሞ ያያል። ከሁሉም ደረጃ ረጅሙን ጊዜ እዚህ ላይ አሳልፉ።

ሠልጣኙ በቃሉ የሚያውቃቸው ልኬቶች፦

- ሙቀት፦ ለውሻም ለድመትም ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ።
- የልብ ምት በደቂቃ፦ አዋቂ ውሻ ከ60 እስከ 140 (ትልቁ ዝቅ፣ ትንሹ ከፍ ይላል)፤ ድመት ከ140 እስከ 220።
- ትንፋሽ በደቂቃ፦ በዕረፍት ላይ ያለ ውሻ ከ10 እስከ 30፤ ድመት ከ20 እስከ 30።
- ድድ፦ ሮዝና እርጥብ። በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል።
- ክብደት፦ በየቀኑ፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት።
- ንቃት፦ ስሙ ሲጠራ ምን ያደርጋል?

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከሳጥኑ ውጭ ቆሞ ሳይነካው ትንፋሹን ይቁጠር፤ ከተነካ በኋላ የሚቆጠር ትንፋሽ የፍርሃቱ እንጂ የሕመሙ አይደለም። ከዚያ ድድ፣ ከዚያ ልቡን በማዳመጫ እየሰማ በሌላው እጁ የጭኑን የውስጥ ደም ሥር ይዳስስ፤ ልቡ መትቶ ጭኑ ካልመታ ይጻፍ፣ ሐኪም ይጠራ። ቴርሞሜትር መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሻው የሚጠላው እሱን ስለሆነ።

የድርቀት መጠን፦ የትከሻው ቆዳ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ ከተመለሰና ድዱ ከደረቀ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይገመታል። ቆዳው ቆሞ ከቀረና ዓይኑ ከጎደጎደ ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። የከሳና ያረጀ ውሻ ቆዳ ድርቀት ሳይኖርም ቀስ ብሎ ስለሚመለስ፣ የወፈረው ደግሞ ደርቆም ቶሎ ስለሚመለስ በቆዳ ብቻ አይፈረድ።

የማሠልጠኛ ዘዴ፦ እናንተና ሠልጣኙ ተራ በተራ ለኩ፣ ሳትተያዩ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። የልብ ምቱ ልዩነት ከ10 ከበለጠ ሁለታችሁም እንደገና ለኩ። በቅጹ ላይ «ደህና ነው»፣ «እንደ በፊቱ» የሚሉ ቃላት የተከለከሉ ይሁኑ፤ ቁጥርና ሰዓት ብቻ። አንድ ዓይነት ቁጥር ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የተጻፈበት ቅጽ ካያችሁ ሠልጣኙን አብራችሁት ሄዳችሁ አስለኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተለካም።

ደረጃ 4፦ ካኑላ ማስገባት

ካኑላ የሚበላሸው ሲገባ ብቻ አይደለም፤ ሲታሰርም ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ፕላስተሩ ይቆረጥ።

1. አራት ቁራጭ ፕላስተር ቆርጣችሁ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፉ። ኖርማል ሳላይን በሲሪንጅ ቅዱ። ካኑላ ምረጡ፦ ለቡችላና ለድመት 24 ወይም 22፣ ለመካከለኛና ለትልቅ ውሻ 20።
2. ረዳት ያዥ ውሻውን በደረቱ ያስተኛው፤ በአንድ ክንዱ ጭንቅላቱን ወደ ራሱ ያቅፍ፤ በሌላ እጁ ክርኑን ከኋላ ይያዝ። አውራ ጣቱን ከክርኑ በላይ አሳርፎ ወደ ውጭ ያዙረው፤ ደም ሥሩ በፊት እግሩ የላይኛው ገጽ ላይ ብቅ ይላል።
3. ፀጉሩን ዙሪያውን ላጩ፤ ፊት ለፊቱን ብቻ አይደለም። ፕላስተር ፀጉር ላይ አይይዝም።
4. በክሎርሄክሲዲን ወይም በአዮዲን ከመሀል ወደ ውጭ እሹ፤ ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙ፤ በአልኮል ጨርሱ፤ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ ቦታውን በጣት አትንኩ።
5. ከእግሩ ታችኛ ክፍል ጀምሩ። ከታች ከተበላሸ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል፤ ከላይ ከተበላሸ ግን ከታች የሚሰጠው ፈሳሽ በቀዳዳው ይፈስሳል።
6. የመርፌው በሰያፍ የተቆረጠ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ አጋድላችሁ ቆዳውን ውጉ። ደም በመርፌው መቀመጫ ላይ ብቅ ሲል ቁሙ። ሠልጣኝ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ደም አየሁ ብሎ ወዲያው ፕላስቲኩን ይገፋል። የመርፌው ጫፍ ከፕላስቲኩ ስለሚቀድም ፕላስቲኩ ገና ውጭ ነው።
7. ካኑላውን ዝቅ አድርጋችሁ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሙሉውን ወደፊት ግፉ። አሁን መርፌውን ሳታንቀሳቅሱ ፕላስቲኩን ብቻ አንሸራትቱ። የወጣ መርፌ ተመልሶ ወደ ፕላስቲኩ አይገባም፤ ፕላስቲኩን ቆርጦ በደም ሥር ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል።
8. ያዡ አውራ ጣቱን ይልቀቅ። መርፌውን አውጡ፣ የካኑላውን ክዳን ግጠሙ፣ መርፌውን እዚያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ጣሉ።
9. የመጀመሪያው ፕላስተር የሚጣበቅ ፊቱ ከካኑላው ሥር ገብቶ ራሱን ካኑላውን ያቅፍ፣ ከዚያ እግሩን ይዙር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከላይ ይዙሩ። አጥብቃችሁ አትሰሩ።
10. 2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ግፉ፤ ከካኑላው በላይ ያለውን ቆዳ በጣት ዳስሱ። ካላበጠና በቀላሉ ከገባ ቦታው ትክክል ነው። በፋሻ ሸፍኑ፤ ቀንና ሰዓቱን በአራተኛው ፕላስተር ላይ ጻፉ።

*ሲበላሽ፦* ደም ብቅ ብሎ ፕላስቲኩ አልገባ ካለ አታስገድዱ፤ ትንሽ ወደኋላ ስባችሁ አጋደሉን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ፤ ካልሆነ አውጡና ለሁለት ደቂቃ ተጫኑ። በጣም ደርቆ ደም ሥሩ የጠፋ ቡችላ እግሩን በሞቀ እርጥብ ፎጣ ጠቅልሉ። አንድ ሠልጣኝ በአንድ እንስሳ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ለሌላ ሰው ይስጥ። ይህን ደንብ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በእልህ የሚደረግ ሦስተኛ ሙከራ የቀረውን ደም ሥር ያበላሻል።

መዳፉ ካበጠ ፕላስተሩ ጠብቋል፤ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ከካኑላው በላይ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ሲነካ ካመመው ካኑላውን አውጡና በሌላው እግር አስገቡ። በየ4 ሰዓቱ ፋሻው ተፈትቶ ይታይ። ምንም ችግር ባይታይም ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት። ውሻው የሚነክሰው ከሆነ ከፕላስቲክ ባልዲ ወይም ከወፍራም ካርቶን የአንገት መከላከያ ሥሩለት።

ደረጃ 5፦ የፈሳሹ ስሌት

በዞኑ ባሉት ክሊኒኮች ፈሳሽ የሚቆጣጠር ማሽን ብዙም ስለሌለ ሰዓትና ዓይን ይተካሉ። ሠልጣኙ ሐኪሙ ያዘዘውን መጠን ወደ ጠብታ መቀየር አለበት። ምሳሌውን በወረቀት ያሠሩት፦

10 ኪሎ የሚመዝን፣ 8 በመቶ የደረቀ ውሻ።

- የጎደለው፦ ክብደት × የድርቀት በመቶኛ × 10 = 10 × 8 × 10 = 800 ሚሊ ሊትር
- የዕለት ፍላጎት፦ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር = 500 ሚሊ ሊትር
- በትውከትና በተቅማጥ የሚወጣው (ግምት)፦ 200 ሚሊ ሊትር
- ድምር፦ በ24 ሰዓት 1,500፤ በሰዓት 62 ያህል
- 20 ጠብታ በሚሰጠው ቱቦ፦ 62 × 20 ÷ 60 = በደቂቃ 21 ያህል፤ ማለትም በ15 ሴኮንድ 5 ጠብታ

ለቡችላና ለድመት 60 ጠብታ የሚሰጠውን ቱቦ ተጠቀሙ። በእሱ የሰዓቱ ሚሊ ሊትርና የደቂቃው ጠብታ ቁጥር እኩል ነው፤ በሰዓት 22 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት ቡችላ በደቂቃ 22 ጠብታ ይወስዳል። ሌሊት ላይ ለደከመ ሰው ከዚህ የተሻለ ስሌት የለም።

አሁን ደኅንነቱ። በከረጢቱ ጎን ረጅም ፕላስተር ለጥፉና በየሰዓቱ ፈሳሹ የት መድረስ እንዳለበት አስምሩ። ለትንሽ ቡችላ ሙሉ ሊትር አትስቀሉ፤ ለሚቀጥሉት 4 ሰዓታት የሚበቃውን አስቀርታችሁ ሌላውን አስቀድማችሁ አፍስሱ። መቆጣጠሪያው ቢከፈት እንኳን ከዚያ በላይ የሚገባ ነገር አይኖርም። ውድ ይመስላል፤ ከቡችላው ግን አይበልጥም።

5 በመቶ ግሉኮስ ብቻውን ለተቅማጥ ድርቀት አይሆንም፤ ከቆዳ ሥርም አይሰጥም። ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ በቀጥታ ከተገፋ ልብ ያቆማል፤ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ከረጢቱ ውስጥ ብቻ ገብቶ፣ ከረጢቱ በደንብ ተገለባብጦ ይሰጣል፤ ከረጢቱም ምልክት ይደረግበት። 40 በመቶ ግሉኮስ ደም ሥር ስለሚያቃጥል ሳይበረዝ አይሰጥም።

*ፈሳሽ ሲበዛ፦* ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ከአፍንጫው ቀጭን ፈሳሽ ይወጣል፣ ያስለዋል፣ ይንቆራጠጣል። መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን ዝጉ፣ ከዚያ ሐኪም ጥሩ። ይህ ቅደም ተከተል እንዳይገለበጥ በተግባር አለማምዱት። *ፈሳሹ ሲቆም፦* እግሩ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ቱቦው ተጠማዝዞ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ሳላይን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ካልገባ ካኑላው ተደፍኗል፤ በኃይል አትግፉ፣ ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ብርድ

ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ የደከመ ቡችላ ከበሽታው እኩል ይጎዳዋል። በጣም የሚበርደው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ነው፤ ተረኛው የሚያንቀላፋውም ያኔ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ሙቀት በየሰዓቱ ይለካ።

1. ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል አንሱ፤ ሥሩ ካርቶን አንጥፉ።
2. እርጥብ ፀጉር አድርቁ። የሸና ቡችላ በሽንቱ ላይ ከተኛ ምንም ብታለብሱት አይሞቅም።
3. ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የሞቀ ውሃ (ያልፈላ) ሙሉ፣ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ በጎኑ አኑሩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ አውጡት፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀት ይስባል።
4. ቡችላው ከጠርሙሱ ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ይኑረው። ራሱን የሳተ እንስሳ ስለማይሸሽ ይቃጠላል፤ በየ30 ደቂቃው አገላብጡት።
5. የፈሳሹን ቱቦ በሞቀ ውሃ ጠርሙስ ላይ ጠቅልላችሁ አሳልፉ።

የመንዝ ባና ሙቀት አያያዙ ግሩም ነው። ለተሰበረ፣ ለተቀደደ፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ውሻ ተጠቀሙበት። ለፓርቮ (ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ) ታማሚ ግን አይሆንም፤ ሱፍ በበረኪና ሊታጠብ አይችልም።

ሙቀቱ ከ35 በታች ለሆነ ቡችላ ወተትም ምግብም በአፉ አትስጡ። አንጀቱ ቆሟል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በመጀመሪያ ይሙቅ። ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ በሰዓት 1 ዲግሪ ያህል ይበቃል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ለምትሠሩ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ 41 የደረሰና የሚያለከልክ ውሻ በቧንቧ ውሃ ይርጠብ፣ ይራገብለት፤ በረዶ አይሁን። 39.5 ሲደርስ ማቀዝቀዙን አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ ተላላፊ ክፍል

ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያለው ያልተከተበ ቡችላ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ፓርቮ ነው። ቫይረሱ ወለልና አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ አልኮል አይገድለውም።

- ለክፍሉ ብቻ የሚሆን ጋውን፣ ቦት ጫማ፣ ቴርሞሜትር፣ መጥረጊያ ይኑር። አይወጡም።
- ሌሎች ታማሚዎች ይቅደሙ፤ ፓርቮው መጨረሻ ላይ ይታይ።
- መጀመሪያ ቆሻሻው ይጠረግ፣ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ 5 በመቶ በረኪና 1 እጅ በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፍሰስ፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ሥራው ይከሽፋል።
- ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን።

ሌላ ሰው ስለሌለ አንዱ ረዳት ሁሉንም ማየት ካለበት ክትባት ያልጨረሱ ቡችሎችን በዚያ ቀን ለምርመራ አትቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ማብላትና መገላበጥ

የሚያስታውክን ቡችላ ለቀናት ማስራብ የቆየ ልማድ ነው፤ ትውከቱ በመድኃኒት ጋብ እንዳለ በትንሽ በትንሹ፣ በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ማብላት ይሻላል። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከሩዝ ጋር፤ ጾም ሆኖ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ከሩዝ ጋር። ቅመም፣ ጨው፣ ሽንኩርት አይግባ። ለተኛ ውሻ ፈሳሽ በአፉ አይደፋ።

መነሣት ያቃተውን ውሻ በየ4 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩ፤ የተኛበትን ክርንና ዳሌ እዩ። ሽንቱን መሽናቱን ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ሌሊት ተረኛ

ርክክቡ ሳጥኑ ፊት ለፊት ቆሞ ይደረግ፤ ቢሮ ውስጥ አይሁን። ወጪው ተረኛ የመጨረሻውን ልኬት ያንብብ፣ ገቢው እዚያው ራሱ ይለካ፣ ሁለቱ ይፈርሙ። ከዚያ ካኑላውን አብረው ይዩ።

የሚከተለው ሲታይ ሰዓቱ ስንትም ቢሆን ሐኪሙ ይጠራል፦

- ሙቀት ከ37 በታች ወይም ከ40 በላይ
- ድድ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም እንደ ጡብ የቀላ
- በዕረፍት ላይ ትንፋሽ ከ40 በላይ፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት
- የውሻ ልብ ምት ከ180 በላይ ወይም ከ60 በታች
- መንቀጥቀጥ፣ መውደቅ፣ በድንገት የተነፋ ሆድ
- ፈሳሽ እየወሰደ ለ6 ሰዓት ያልሸና

ሐኪሙ ሲጠራ የሚነገረው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ የትኛው ታማሚ፣ ምን ተለወጠ፣ ልኬቶቹ፣ እስካሁን ምን ተደረገ። «ዶክተር፣ ጥቁሩ ቡችላ፤ ድዱ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነጥቷል፤ ሙቀት 36.6፣ ልብ 190፣ ትንፋሽ 36፤ ጠርሙስ አድርጌለታለሁ፣ ፈሳሹ በደቂቃ 22 ላይ ነው።» ይህን ጮክ ብለው ይለማመዱት። እናንተም ከእንቅልፍ የቀሰቀሳችሁን ረዳት አትቆጡ። በከንቱ ጠራኸኝ ተብሎ አንድ ጊዜ የተገሠጸ ሰው በሚቀጥለው ሌሊት አይጠራም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ደረጃ 10፦ ሠልጣኙን መፈተን

ሌሊት ብቻውን ከመግባቱ በፊት እነዚህን ያሳያችሁ፦

1. በሦስት የተለያዩ እንስሳት ላይ የለካው ከእናንተ ልኬት ጋር ይቀራረብ።
2. ካኑላ በጤናማ ውሻ ላይ አስገብቶ፣ አስሮ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሳይወጣና ሳያብጥ ያግኘው።
3. ክብደትና የድርቀት መጠን ሰጥታችሁት የደቂቃውን ጠብታ አስልቶ ቱቦውን በዚያው ልክ ያስተካክል። እናንተ ሳታስታውቁት መቆጣጠሪያውን ፍቱት፤ በስንት ደቂቃ እንዳየው መዝግቡ። ይህን በባልዲ ላይ በተሰቀለ ከረጢት አድርጉት፣ እንስሳ ላይ አይደለም።
4. ከተላላፊ ክፍል ሲወጣ ተመልከቱት፤ ጫማውን፣ ጋውኑን፣ እጁን።
5. ታማሚውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ አጠገቡ ቁሙ። መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚሰጡ በአማርኛ ጽፎ ይስጥ፤ ባለቤቱ ማንበብ ካልቻሉ በጠርሙሱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሣል፤ መልሰው እንዲነግሩት ያድርግ። የክትባት ቀጠሮ ሳይዝ አያሰናብት። ቀይ ቀበሮ ከሚኖርበት ከመንዝ ጓሳ ዙሪያ ከሚገኙ ቀበሌዎች የመጣ ውሻ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይጥበቅ፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር (ሌላ ተላላፊ የውሻ ቫይረስ በሽታ) ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋሉ።

አንዱን ያላለፈ ሠልጣኝ ያንኑ ደረጃ ይድገም፤ በዚያ ሌሊትም ከነባር ተረኛ ጋር ይግባ። ያለፈውንም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ቅጽ ጠዋት ጠዋት አብራችሁት አንብቡ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያለውን መስመር አስቀድማችሁ።